ብረት ስናነሳ ስንት ካሎሪ እናቃጥላለን?

እዚህ ባሕር ዳር ጂም ከምትሠሩት ብዙዎቻችሁ «የእጅ ሰዓቴ ለአንድ ሰዓት ብረት 600 ካሎሪ ይለኛል፣ ልመነው?» እያላችሁ ስለምትጠይቁ ሒሳቡ ይኸውላችሁ።

አንድ ሥራ ዝም ብሎ ከመቀመጥ ስንት እጥፍ ጉልበት እንደሚያስወጣ የሚያሳይ ሜት (MET) የሚባል መለኪያ አለ። ዝም ብሎ መቀመጥ 1 ሜት ነው። መካከለኛ የብረት ሥራ፣ በየዙሩ ከ8 እስከ 15 ጊዜ እየተነሳ፣ 3.5 ሜት ይያዛል፤ ጠንከር ያለው 6። ሜቱን በኪሏችሁ፣ ከዚያ በሰዓት ማባዛት ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ አንድ ሰዓት፦ 3.5 × 70 = 245 ካሎሪ። ቤቱ ቢቀመጥም 70 ያወጣ ስለነበር ጂሙ የጨመረለት 175 ብቻ ነው። ጣና ዳር በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ መራመድም ያው 3.5 ሜት ነው፤ ቅር አይበላችሁ።

የእጅ ሰዓቱ የሚያጋንነው በልብ ምት ስለሚገምት ነው። ስኳት (ብረት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ላይ ትንፋሽ ይዛችሁ ስትገፉ ምቱ ይዘላል፣ የምትጠቀሙት ኦክስጅን ግን በዚያ ልክ አይጨምርም።

ስሌቱ ለሁሉም አንድ ነው። ከኪሎ ሌላ ከሰው ሰው የሚለያየው የትኛውን ሜት እንደምትወስዱ ነው፦ በየዙሩ 3 ደቂቃ ስልክ የሚነካካ ሰው 6ን አይንካ። የዕረፍቱን ደቂቃ ግን ከጊዜው አትቀንሱ፣ 3.5ቱ ውስጥ ተቆጥሯል።