የፍሪሲዮን አቅም ምንድን ነው?

ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚወጣውን ዳገት የሚያውቅ ሰው ያቺን ሽታ ያውቃታል። የተቃጠለ ቀንድ የመሰለች፣ አፍንጫ ላይ ተጣብቃ የምትቀር ሽታ ናት። ከፊት ያለው ከባድ መኪና ነው ብለን መስኮት እንዘጋለን። እኔም አንድ ቀን ዘጋሁ። ሽታው አልጠፋም። የራሴ መኪና ነበረች።

መኪናዬ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ናት። ሞተሯ ባለ 4.2 ሊትሩ፣ ስድስት ሲሊንደሩ ናፍጣ ነው። ያን ቀን ቱርቦ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር በግፊት የሚያስገባውን ዕቃ፣ ካስገጠምኩላት ሁለት ወር አልሞላትም። ከኋላ ወደ 10 ኩንታል የሚጠጋ ቆርቆሮና ሚስማር ጭኛለሁ። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው ግን አይሰማም። የሞተሩ ዙር እየጨመረ ፍጥነቷ ባለበት ይቆማል። እንደምንም ብዬ ደጀን ወጣሁ። በማግስቱ ደብረ ማርቆስ ላይ ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ ወረደ።

መካኒኩ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። የፍሪሲዮኑን ሸራ፣ ማለትም ዲስኩ የለበሰውን መያዣ፣ በሁለት ጣታቸው ይዘው አሳዩኝ። ጠቁሯል፤ ፊቱም እንደ መስታወት ለስልሷል። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ሞተሩን አሳደግኸው፤ ፍሪሲዮኑን መቼ አሳደግኸው?»

ቱርቦውን የገጠመልኝ ጋራዥ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነፈሰም። ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው። በጎጃም መንገዶች ላይ ቱርቦ የተጨመረላቸው፣ የፓምፓቸው ናፍጣ ከፍ የተደረገላቸው፣ የኮምፒውተራቸው ፕሮግራም የተቀየረላቸው ፒክአፖች አሉ። ሰው ይህን የሚያደርገው ወዶ አይደለም። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታ ላይ አየር ያጥረዋል። 2,500 ሜትር ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ጭነት ይዞ ደጋ የሚወጣ ሰው ጉልበት ቢፈልግ አይፈረድበትም። ግን ያ ጉልበት ጎማ ጋ ከመድረሱ በፊት አንድ በር ያልፋል። በሩ ፍሪሲዮን ነው።

ፍሪሲዮን ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኝና የሚያለያይ ዕቃ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሞተሩ ጫፍ ላይ ቮላኖ የሚባለው ከባድ ብረት ይዞራል። ካምቢዮው ዘንግ ላይ ደግሞ ሸራ የለበሰ ዲስክ አለ። መካኒኮች ፕሬዠር የሚሉት ባለ ሞላው ሳህን ዲስኩን ቮላኖው ላይ ይጫነዋል። ፔዳሉን ስትረግጡ ሳህኑ ይላቀቃል፤ ስትለቁት ተመልሶ ይጫናል። ዲስኩን ከቮላኖው ጋር ያሰረ ጥርስም ብሎንም የለም። የሚይዘው ሰበቃ ብቻ ነው።

የፍሪሲዮን አቅም የምንለውም ይኸው ነው። ፍሪሲዮኑ ሳይንሸራተት ሊያሳልፈው የሚችለው ከፍተኛው የመጠምዘዝ ጉልበት፣ ማለትም ቶርክ ማለት ነው። የሚለካው በኒውተን ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ከመጣበት ይንሸራተታል፤ የተንሸራተተው ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ያቺ ሽታ ያኔ ትመጣለች።

አቅሙ የሚወጣው ከአራት ነገር ነው፦ ሸራው ምን ያህል ይይዛል፣ ሳህኑ በምን ያህል ኃይል ይጫናል፣ ዲስኩ ምን ያህል ሰፊ ነው፣ የሚነካካው ፊት ስንት ነው። አራቱን ማባዛት ነው። ለምሳሌ ያህል እንቁጠረው። የሸራው የሰበቃ ቁጥር 0.3 ይሁን። ሳህኑ በ7,000 ኒውተን ይጫን፤ ይህም ወደ 700 ኪሎ ግራም እንደተቀመጠበት ማለት ነው። የሸራው አማካይ ቦታ ከዲስኩ መሃል 0.114 ሜትር ይራቅ። ፊቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ቮላኖውን ይነካል፣ ሌላው ሳህኑን። ሲባዛ 479 ኒውተን ሜትር ይመጣል።

የኔ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ቶርክ 285 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ 479 ሰፊ ትርፍ ነው። ቱርቦው ወደ 400 አደረሰው እንበል። 400 ከ479 በታች ነው፤ ታዲያ ለምን ተንሸራተተ?

መልሱን ያገኙት መካኒኩ ናቸው። ጣታቸውን ቮላኖው ዙሪያ አሽተው አወጡት። ዘይት። የሞተሩ የኋላ «ኦይል ሲል»፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት፣ ያልብ ነበር። ሸራ ዘይት ሲነካው ጉዱ ይፈላል። ያ 0.3 ወደ 0.2 ቢወርድ አቅሙ 319 ብቻ ይሆናል። አስተውሉ። 319 ከድሮው 285 ይበልጣል። ስለዚህ ቱርቦ ሳይገጠም ችግሩ ተኝቶ ነበር፤ እኔም አላወቅሁትም። 400 ሲመጣበት ግን ወጣ። ቱርቦው ጥፋቱን አልፈጠረውም፤ ገለጠው። አዲስ ፍሪሲዮን ከመግዛታችሁ በፊት ኦይል ሲሉን ተመልከቱ የምለው ለዚህ ነው። የቱንም ያህል ውድ ሸራ ዘይት ላይ ብታስሩት ገንዘባችሁን ገደል ከተታችሁት ማለት ነው።

እሺ፣ ምን ያህል አቅም ይበቃል? የብዙ ባለሙያዎች ልማድ ከሞተሩ ከፍተኛ ቶርክ በላይ 25 ወይም 30 በመቶ ትርፍ መያዝ ነው። ለ400 ሞተር ከ500 እስከ 520 አካባቢ ማለት ነው። በኔ ስሌት ሳህኑ በ10 በመቶ ብቻ ቢጠነክር፣ 7,700 ኒውተን ቢሆን፣ 527 ይመጣል። በቃ። ያን ያህል ለውጥ ነው የሚያስፈልገው። ፔዳሉ ትንሽ ይከብዳል፤ እግር ግን ይለምደዋል።

አንድ ወዳጄ ግን ሌላ ነገር መከረኝ። «ሴራሚኩን አስገባና ተገላገል» አለኝ። የሴራሚክና የብረት ቅልቅሉ ሸራ እውነትም ኃይለኛ ነው። የሰበቃ ቁጥሩ 0.45 ቢሆን በዚያው ሳህን አቅሙ ወደ 720 ይጠጋል። ሙቀትም ይችላል። ሲሰሙት ያጓጓል። እኔ ግን ለሥራ መኪና አልመርጠውም። ምክንያቱን በእርሻ ልንገራችሁ።

ሞፈርን ከቀንበር የሚያስረው ምራን ነው። ጠፍር ነው፣ ቆዳ። ማረሻው ከመሬት በታች ያለ ቋጥኝ ነክሶ በሬዎቹ ሲስቡ አንድ ነገር መሸነፍ አለበት። ምራኑ ቢበጠስ ገበሬው ቋጥሮ ይቀጥላል። ምራኑ ብረት ቢሆንስ? ሞፈሩ ይሰበራል። የዚያን ቀን እርሻ አበቃ። ፍሪሲዮንም ለካምቢዮው እንደዚያ ነው። ከመጠን በላይ የመጣን ድንገተኛ ጉልበት ትንሽ ተንሸራትቶ ያበርደዋል። 720 የሚይዝ ፍሪሲዮን አይንሸራተትም። ጎማው ጭቃ ውስጥ ዞሮ ዞሮ ድንገት ደረቅ መሬት ሲነክስ፣ ያ ዱላ በቀጥታ ወደ ካምቢዮው ጥርስና ጉልበቱን ለግራና ቀኝ ጎማ ወደሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ይሄዳል። ከፍሪሲዮን ጋር ሲነጻጸር የካምቢዮ ዋጋ ሌላ ዓለም ነው።

ሴራሚክ ሌላም ጠባይ አለው። ይነክሳል። ወይ ይይዛል ወይ አይዝም፤ መሃል የለውም። ገበያ ቀን ሰውና አህያ መሃል ቀስ ብላችሁ ልትነሱ ስትሉ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ትዘላለች። ቮላኖውንም ቶሎ ይበላዋል።

የተለመደው ሸራ በሙጫ የተያያዘ ቃጫ መሳይ ነገር ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ጠላቱ ሙቀት ነው። ጠንከር ተደርጎ ለከባድ ሥራ የተሠራ ዓይነትም አለው። ኬቭላር ከሚባለው ጠንካራ ሰው ሠራሽ ቃጫ የተሠራ ሸራ ዕድሜው ይረዝማል፣ አያያዙም ለስላሳ ነው። ነገር ግን አንዴ ክፉኛ ከሞቀ ፊቱ ይለሰልስና አይመለስም። ባለ ሁለት ዲስኩ ደግሞ አራት ፊት ስላለው በዚያው የሳህን ኃይል አቅሙ እጥፍ ይሆናል። ግሩም ሥራ ነው። ግን ውድ ነው፤ 400 ኒውተን ሜትር ላለው ፒክአፕም ትርፍ ነው። የኔ ምርጫ ለከባድ ሥራ የተሠራው የተለመደ ሸራ ከጠንካራ ሳህን ጋር ነው። ዲስኩ መሃሉ ላይ ሞላዎች ያሉት ይሁን። እነዚያ ትንንሽ ሞላዎች የናፍጣ ሞተርን ምት ይውጡታል። ሞላ የሌለውን ዲስክ ለውድድር መኪና ተዉለት።

ሳጥኑ ላይ «ስቴጅ 2»፣ «ስቴጅ 3» የሚል ስታዩ አትደናገጡ። ሁሉም አምራች የሚስማማበት መለኪያ አይደለም። የአንዱ ሁለተኛ ደረጃ የሌላው ሦስተኛ ሊሆን ይችላል። ሻጩን የኒውተን ሜትሩን ቁጥር ጠይቁት። ስንት ፈረስ ጉልበት ይችላል የሚለውም ለናፍጣ ሞተር ብዙ አይጠቅምም። ናፍጣ ገና በዝቅተኛ ዙር ትልቅ ቶርክ ይሰጣል፤ ፍሪሲዮንን የሚያሸንፈውም ቶርክ ነው።

አቅም ብቻውን ግን ሁሉንም አይናገርም። አቅሙ በቂ የሆነ ፍሪሲዮንም በአነሳስ ይቃጠላል። ከቆማችሁበት ስትነሱ ፍሪሲዮኑ የግድ ለአፍታ ይንሸራተታል። በዚያች አፍታ የሚፈጠረው ሙቀት ከጭነቱ ጋር ይጨምራል። ከፍጥነቱ ጋር ደግሞ በካሬ ይጨምራል። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ የሚይዘው መኪናዋ የበለጠ ስትፈጥን ነው፤ ስለዚህ ሜዳ ላይ እንኳ ሁለተኛ ማርሽ ላይ መነሳት ከአንደኛ ይልቅ ከሦስት እጥፍ በላይ ሙቀት ሊያመጣ ይችላል። ዳገት ላይ ይብሳል። «ናፍጣ ናት፣ ሁለተኛ ትነሳለች» የሚለው የሾፌር ወግ ብዙ ሸራ በልቷል። ጎማ መቀየርም እዚህ ውስጥ ይገባል። ከ31 ወደ 33 ኢንች ጎማ የቀየረ ሰው፣ ሳያውቀው ሁሉንም ማርሽ ከፍ አድርጎታል። ስለዚህ ለፍሪሲዮን ሻጭ የሞተሩን ጉልበት ብቻ ሳይሆን የጎማውንም ቁጥር ንገሩት፤ ምን ያህል ኩንታል እንደምትጭኑ፣ ተሳቢ እንዳላችሁም እንዲሁ። ከእንጅባራ ድንች የሚጭንና ባዶውን ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ የሚዞር አንድ ዓይነት ፍሪሲዮን አያስፈልጋቸውም።

ዳገት ላይ መኪናን በግማሽ ፍሪሲዮን ይዞ መቆምም ያው ነው። አባይ በረሃ ውስጥ መንገድ ሲዘጋ አየዋለሁ። ሾፌሩ ፍሬን መያዝ ሰልችቶት ነዳጅና ፍሪሲዮን እያመጣጠነ ይቆማል። ሸራውን ለማቃጠል አምስት ደቂቃ ይበቃል። የእጅ ፍሬን አለ እኮ። ኮረኮንችና ጭቃ ዳገት ላይ ደግሞ በፎር ሎው፣ ማለትም አራቱንም ጎማ በሚያንቀሳቅሰው ዝቅተኛ ማርሽ፣ ተነሱ፤ ፍሪሲዮኑ እፎይ ይላል።

ካምቢዮ አንዴ ከወረደ በኋላ መቆጠብ ኪሳራ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚገፋውን ኩሽኔታ ቀይሩ። ኦይል ሲሉን ቀይሩ። ቮላኖው ሰማያዊ ነጠብጣብ ወይም ስንጥቅ ካለው አሳዩት፤ ስንጥቅ ካለው ይጣላል፣ ከሌለው ቶርኖ ቤት ገብቶ ፊቱ ይላጥ። አንዳንድ አዳዲስ ናፍጣ ፒክአፖች ሁለት ተደርቦ በመሃሉ ሞላ ያለው ቮላኖ አላቸው። እሱን ወደ አንድ ወጥ ቮላኖ የሚቀይሩ አሉ፤ ይጠነክራል፣ ግን ንዝረቱና ድምፁ ይጨምራል።

አዲሱ ሲገባ ሸራው ቮላኖውን እስኪላመድ ጊዜ ይፈልጋል። መካኒኩ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ከባድ ጭነት ከለከሉኝ። «አባይንም እርሳው» አሉኝ። እኔም በደምበጫና በፍኖተ ሰላም መንገድ ባዶዬን ተመላለስኩ፤ እየቆምኩ፣ እየተነሳሁ፣ ነዳጅ ሳላበዛ።

ከዚያ ሞከርኳት። ሙከራውን ማንም ሊያደርገው ይችላል። ሰው በሌለበት ለስላሳ ዳገት ላይ፣ አራተኛ ማርሽ ላይ፣ ሞተሩ 1,500 ዙር አካባቢ እያለ ነዳጁን እስከ ወለሉ መርገጥ ነው። የዙሩ ቀስትና የፍጥነቱ ቀስት አብረው ከወጡ ይዟል። ዙሩ ብቻውን ካመለጠ ተንሸራትቷል። አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ደጋግማችሁ አታድርጉት፣ ሙከራው ራሱ ያሞቀዋል። የኔ ሁለቱም ቀስቶች አብረው ወጡ። በሚቀጥለው ሳምንት 10 ኩንታል ጤፍ ከብቸና ጭኜ በአባይ በኩል ወረድኩ፤ በተመለስኩ ጊዜም መስኮቴን ከፍቼ ደጀን ወጣሁ።