ከግብፅ በወጡ በወሩ፦ ሲጋራን ላቆመ ምእመን የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የእስራኤል ልጆች ከግብፅ የወጡት በመጀመሪያው ወር በ15ኛው ቀን ሲሆን፣ ወደ ሲን ምድረ በዳ የደረሱት በሁለተኛው ወር በ15ኛው ቀን እንደ ሆነ መጽሐፍ ይነግረናል (ዘኍ. 33፥3፤ ዘፀ. 16፥1)። ልክ አንድ ወር መሆኑ ነው። ባሕር ተከፍሎላቸው፣ ያሳደዳቸው ሠራዊት ዓይናቸው እያየ ሰጥሞ፣ ከበሮ እየመቱ ከዘመሩ ገና ሳምንታት ቢሆናቸውም፣ በዚያ ምድረ በዳ ያስታወሱት ጭቃውንና ጡቡን ሳይሆን አጠገቡ ተቀምጠው ይበሉበት የነበረውን የሥጋ ምንቸት ነበር። ሲጋራ ማጨስ ያቆመ ወንድም ወይም ያቆመች እኅት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚገጥማቸው ይኸው ነው። የጠዋቱ ሳል፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ማጠሩ፣ ከልጆች ተደብቆ ደጅ መቆሙ ሁሉ ይረሳና ከምሳ በኋላ ትለኮስ የነበረችው አንዲት ሲጋራ ብቻ ጎልታ ትታያለች።

በዚህ ጊዜ ብዙዎችን የሚጎዳቸው ሐራራው ራሱ ሳይሆን ለሐራራው የሚሰጡት ትርጉም ነው። ንስሐ ገብቶ፣ ጠበል ተጠምቆ፣ ፓኮውን ቀዳዶ የጣለ ሰው ምኞቱ በዚያው ቀን አብሮ የሚጠፋ ይመስለዋል፤ በሦስተኛው ቀን ግን እጁ ሲንቀጠቀጥና በትንሽ በትልቁ ሲቆጣ «ጸሎቴ አልተሰማም፤ ንስሐዬ ከልብ አልነበረም» ወደ ማለት ይደርሳል። እስራኤል ግን በእውነት ወጥተው ነበር፤ በምድረ በዳ መራባቸው መልሶ ባሪያ አላደረጋቸውም። እግዚአብሔርም ማጉረምረማቸውን ሰምቶ መና አወረደላቸው እንጂ «እንግዲያስ አልወጣችሁም» አላላቸውም።

ሐራራው ከየት እንደሚመጣ ማወቅም ይጠቅማል። ኒኮቲን ከሳንባ ተነሥቶ አንጎል የሚደርሰው በሴኮንዶች ውስጥ ነው። ለዓመታት ይህን የለመደ አንጎል በድንገት ሲቋረጥበት ብስጭት፣ የሐሳብ መበታተን፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ ድብርትና የምግብ ፍላጎት መጨመር ይከተላሉ። እነዚህ በአብዛኛው የሚበረቱት በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት ሲሆን፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንታት ባለው ጊዜ ውስጥ እየቀለሉ ይሄዳሉ። ከዚህ በላይ ግን ሊታወቅ የሚገባው፣ አንዱ የሐራራ ማዕበል ምንም ቢበረታ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የሚያልፍ መሆኑ ነው። ስለዚህ ያቆመ ሰው በዚያች ሰዓት የተጠየቀው የዕድሜ ልክ ትግል ሳይሆን የደቂቃዎች ትዕግሥት ነው። መናው የዕለት የዕለቱ ብቻ ይለቀም ነበር፤ ለነገ ያስቀመጡት ተልቶ ሸተተ። «ዕድሜዬን ሙሉ ያለ ሲጋራ እንዴት እኖራለሁ?» የሚለው ጥያቄም ለነገ የተቀመጠ መና ነውና ዛሬ መልስ ሊፈለግለት አይገባም።

እነዚያ ደቂቃዎች ግን ባዶ ሊተዉ አይገባም፤ አፍ ብቻ ሳይሆን እጅም ለምዷልና። የቆየ አጫሽ ሐራራው ሲነሣበት ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ፦ ሐሳቡ ከመወሰኑ በፊት ጣቶቹ የሸሚዙን ኪስ ይዳብሳሉ። በዚያ ኪስ ውስጥ በፓኮው ፈንታ መቁጠሪያ ቢቀመጥ፣ የሚዳብሰው ጣት የሚይዘውን አያጣም። 41 ጊዜ «ኪርያላይሶን» በዝግታ፣ በየመካከሉ ረጅም ትንፋሽ እየተወሰደ ሲባል ከባዱ ደቂቃ እያለፈ ይሄዳል። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ቢሰግድ ደግሞ ይበልጥ ይረዳዋል፤ የሰውነት እንቅስቃሴ ሐራራን እንደሚያበርድ ሐኪሞችም ይናገራሉ። ጸሎቱ ረጅምና የተዋበ እንዲሆን አይጠበቅበትም፤ ከተቀመጡበት ተነሥቶ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ «ጌታ ሆይ፣ ይህችን አሳልፈኝ» ማለትም ጸሎት ነው።

የፍልስጥኤማውያን ምድር መንገድ ቅርብ ሆኖ ሳለ እግዚአብሔር ሕዝቡን በዚያ ያልመራቸው፣ ጦርነት አይተው እንዳይጸጸቱና ወደ ግብፅ እንዳይመለሱ ነው (ዘፀ. 13፥17)። ሁሉን የሚችል አምላክ ለሕዝቡ ድካም አስቦ መንገድ ካስረዘመ፣ እኛም ሲጋራ በፍሬ ከሚገዛበት ሱቅ ደጃፍ ላለማለፍ በሌላ መንገድ ብንዞር የእምነት ማነስ አይደለም። ጫት የሚቃምበትንና መጠጥ የሚጠጣበትን ስፍራ፣ ቢያንስ ለእነዚህ ሳምንታት፣ ፈጽሞ መራቅ ይገባል፤ «ገብቼ ሳላጨስ እወጣለሁ» ማለት ድፍረት እንጂ እምነት አይባልም።

ቡናን በተመለከተ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል፤ ማጨስ ሲቆም ግን ይህ ፍጥነት ስለሚቀንስ ያው የለመዱት ቡና በሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። እንግዲህ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቶ የሚያድር ሰው ልቡ ሲመታና እንቅልፍ ሲያጣ «ሱሱ ነው የሚያሠቃየኝ» ቢልም፣ ከፊሉ የቡናው ሥራ ሊሆን ይችላል። በአገራችን ቡናን ተዉ ብሎ ማስተማር የሚደፍር የለም፤ በአቦል መወሰን ግን ይቻላል።

ብዙ ምእመናን ሲጋራን ለመተው የሚነሡት በጾም መግቢያ ነው፤ ይህም መልካም ልማድ ነው። በዐቢይ ጾም መጀመሪያ ያቆመ ሰው ደብረ ዘይት ሲደርስ 4 ሳምንት ይሆነዋልና የሰውነቱ ጭንቀት በአብዛኛው ቀሏል። በፋሲካ ማግሥት ተመልሶ የሚያጨሰው እንግዲህ ሰውነቱ ስላስገደደው ሳይሆን፣ 55ቱን ቀን ሙሉ በልቡ ቀጠሮ ይዞ ስለ ቆየ ነው። ለጾም ብቻ የተተወ ሲጋራ ተቀጥሯል እንጂ አልተተወም።

የሚለጠፈውና የሚታኘከው የኒኮቲን መድኃኒትስ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። መጽሐፈ ሲራክም እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደ ፈጠረና ብልህ ሰው እንደማይንቀው ያስተምረናል (ሲራክ 38፥4)፤ ስለዚህ ሐኪም አማክሮ መጠቀም ከጠበልና ከጸሎት ጋር አይጋጭም።

በእነዚህ ሳምንታት ስለት ለመሳልና ለመገዘት መቸኮል ግን አይገባም። ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳል እንደሚሻል መክብብ ይናገራል (መክ. 5፥5)። «ዳግመኛ ባጨስ» ብሎ በታቦት ስም የማለ ሰው አንዲት ሲጋራ ስታሰናክለው፣ መሐላውን ማፍረሱ ከሲጋራዋ ይልቅ ተስፋ ያስቆርጠውና «ካፈርሁ አይመልሰኝ» ብሎ ሙሉ ፓኮ ይገዛል። የተሰናከለ ሰው የቀረችውን ጥሎ፣ በዚያው ቀን ለንስሐ አባቱ ነግሮ መንገዱን ይቀጥል፤ አንድ ጊዜ መሰናከል ወደ ግብፅ መመለስ አይደለም።

እኛስ፣ ቤተሰቦቹና የማኅበር ወንድሞቹ? ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ትምባሆን በጽኑ ቅጣት ከልክለው እንደ ነበር ይታወቃል፤ ዛሬም በየሰበካው የዚያ ዓይነት ፊት የሚያሳይ አይጠፋም፤ ልብስ እያሸተተ የሚመረምር፣ በየቀኑ «ዛሬስ?» እያለ የሚያሸማቅቅ አለ። እስራኤል ሲና ከመድረሳቸው በፊት በራፊዲም ሲዋጉ የሙሴ እጅ በዛለ ጊዜ፣ አሮንና ሖር ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፤ እጆቹንም አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ ሆነው ደገፉ (ዘፀ. 17፥12)። ለምን ደከምህ ያለው አልነበረም። ባለቤቱ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቁጣ በራሷ ላይ የተነሣ ጠብ አድርጋ አትውሰደው፤ ጓደኛውም ሐራራው በሚበረታበት ሰዓት ደውሎ ስለ ሌላ ነገር ያጫውተው፤ የሚያጨስ ዘመድ ካለም ለእነዚህ ሳምንታት ሲጋራውንና ላይተሩን ከእርሱ ፊት ያርቅለት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።