«አይ ሰቨን ነው፣ አትጠራጠሪ»፦ ስለ ላፕቶፕ ፍጥነት የምንሳሳታቸው ነገሮች

«አይ ሰቨን ሁሌም ይበልጣል»

የአክስቴ ልጅ ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዛ ስትል አብሬያት ጅማ መርካቶ ወጣሁ። ሻጩ አንዱን አንስቶ «አይ ሰቨን ነው፣ አትጠራጠሪ» አላት። አይ ሰቨንና አይ ፋይቭ የፕሮሰሰር፣ ማለትም ሥራውን የሚሠራው ቺፕ፣ ደረጃዎች ናቸው። መለያውን ሳየው 7500ዩ ይላል። ጎኑ ያለው አይ ፋይቭ ደግሞ 8250ዩ ነው። የመጀመሪያው ሰባተኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ሆኖ 2 ኮር፣ ማለትም ሥራ የሚሠራ ክፍል፣ አለው። ሁለተኛው ስምንተኛ ነው፣ 4 ኮር አለው። ብዙ ሥራ ባንዴ ሲጫንባቸው አይ ፋይቩ ጥሎት ይሄዳል። ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ሳታዩ ብር አታውጡ።

«ጊጋኸርዙ ከፍ ያለው ይፈጥናል»

ሻጩ አልተረታም። «ይሄ አይ ሰቨን 2.7 ነው፣ ያ 1.6» አለን። እነዚህ መነሻ ቁጥሮች ናቸው፤ ሥራ ሲመጣ ሁለቱም ወደ 3.5 ይጠጋሉ። ደግሞም ጊጋኸርዝ ዘነዘናው በሰከንድ ስንቴ እንደሚወርድ እንጂ በአንድ ምት ስንት ቡና እንደሚደቅ አይነግርም። እ.ኤ.አ. በ2004 ፔንቲየም 4 የተባለው ፕሮሰሰር እስከ 3.8 ጊጋኸርዝ ደርሶ ነበር። በ2006 የመጣው ኮር 2 ዱኦ በ2.4 በለጠው።

«ፕሮግራሙ ከፈጠነ ፕሮሰሰሩ ጎበዝ ነው»

እዚህ ላይ ጎበዝ የሚባሉ ተማሪዎችም ሲሳሳቱ አያለሁ። ሁለት ልጆች ከ1 እስከ 100 ሚሊዮን ደምረው ሰዓት ያዙ እንበል። ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፈው ብዙ ሰከንድ ጠበቀ። ሲ በተባለው ቋንቋ የጻፈው ዜሮ ሰከንድ አየ። ፕሮሰሰሩ ግን ምንም አልደመረም! ኮምፓይለሩ፣ ማለትም ፕሮግራሙን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው፣ ድምሩ የትም እንደማይታተም አይቶ ሉፑን (ተደጋጋሚውን የመደመር ትእዛዝ) ከነጭራሹ አጥፍቶታል። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ድራይስቶን የተባለው የፍጥነት መለኪያም በዚሁ ጣጣ ተጎድቷል፤ ቺፑ ሳይለወጥ ኮምፓይለር በበረታ ቁጥር ውጤቱ ያድግ ነበር። ፓይተን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ቨርዥን 3.11 ከ3.10 በአማካይ 25 በመቶ ያህል ፈጥኗል። ስለዚህ ኮምፓይለሩ መልሱን ቀድሞ እንዳያሰላው ቁጥሮቹ ከፋይል ይነበቡ፣ ሉፑንም እንዳያጠፋው ድምሩ ይታተም። ከውጤቱ ጎን የቋንቋውን ቨርዥንና የኮምፓይለሩን ምርጫ ጻፉ። ያለዚያ የዘንድሮውን ከአምናው ጋር ማወዳደር አይቻልም።

«አንዴ ከለካሁ በቃ»

ላፕቶፕ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ባትሪ ላይም ብዙ ጊዜ ይለግማል። ቻርጀር ሰክታችሁ ቢያንስ አምስት ጊዜ ለኩ። ፍራሽ ላይ አታስቀምጡት፣ የአየር መውጫው ይታፈናል። የጅማ በርጩማ ይበቃዋል።

የአክስቴ ልጅ የመመረቂያ ዳታዋን በፍላሽ ይዛ ነበር። ሻጩን አስፈቅደን በሁለቱም ላይ ደጋግመን አስኬድነው። አይ ፋይቩን ይዛ ወጣች።