ቡጋሉ፦ የሚወራውና እውነታው

ሳልሳ የሚወድ ሰው ስለ ቡጋሉ፣ የላቲን ምትና የጥቁር አሜሪካውያን ሶል ሙዚቃ ስለተቀላቀሉበት የጭፈራ ስልት፣ የሆነ ነገር መስማቱ አይቀርም። ከሚሰማው ግን ግማሹ የተዛባ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዷቸው።

«የኩባ ሙዚቃ ነው»

አይደለም፣ የኒውዮርክ ልጅ ነው። የተወለደው በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ በስፓኒሽ ሃርለምና በብሮንክስ ነው። የፖርቶ ሪኮ ስደተኞች ልጆች ቤት ውስጥ ማምቦና ቻቻቻ የተባሉትን የኩባ የጭፈራ ስልቶች ይሰማሉ፤ ደጅ ሲወጡ ከጥቁር አሜሪካውያን ጎረቤቶቻቸው ጋር ሶል። ሁለቱን ቀላቀሏቸው። ምቱ ሥሩ ኩባ መሆኑ አይካድም። የቡጋሉ ትልቁ ስም ጆ ኩባ ግን ኩባዊ አይደለም። እውነተኛ ስሙ ሂልቤርቶ ካልዴሮን፣ ትውልዱም እዚያው ኒውዮርክ።

«ነጋዴዎች ለገበያ የፈበረኩት ነው»

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። የጆ ኩባ ባንድ የቲምባሌስ (የጥንድ ከበሮ) ተጫዋች ጂሚ ሳባተር የተናገረውን ስሙ። ባንዱ ፓልም ጋርደንስ የሚባል አዳራሽ ይጫወታል። ታዳሚው በአብዛኛው ጥቁር ነው። ማምቦው ቢቀልጥም የሚነሳ የለም። ሳባተር አንድ ሐሳብ ያመጣል። ጆ ኩባ ያንገራግራል። በስንት ጉትጎታ እሺ ይላል። ፒያኖው አጭር ሐረግ እየደጋገመ ሲጀምር ወለሉ ጢም አለ፤ ጨፋሪው ራሱ በዜማ መጮህ ጀመረ። የ1966ቱ «ባንግ ባንግ» የወጣው ከዚያ ነው። ዘፈኑ ውስጥ ጭብጨባና የድግስ ጫጫታ አለ። መሃል ላይ የምግብ ስም እየጠሩ ይጮኻሉ፦ የጥቁሮቹን የበቆሎ ዳቦ፣ የፖርቶ ሪኮዎቹን የአሳማ ጥብስ። የትኛው ነጋዴ ነው ይህን ቢሮ ቁጭ ብሎ የሚያስበው?

«ሳልሳ ሲመጣ በራሱ ጊዜ ሞተ»

እዚህ ላይ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። የማምቦ ዋና መናኸሪያ የነበረው የኒውዮርኩ የጭፈራ አዳራሽ ፓላዲየም በ1966 ተዘጋ። አንጋፋዎቹ ሥራ ሲቀዘቅዝባቸው፣ ገና ጢም ያላወጡ ልጆች ገበያውን ያዙት። ከአንጋፋዎቹ ሁለቱ፣ ቲቶ ፑዌንቴና ኤዲ ፓልሚየሪ፣ ቡጋሉን አይወዱትም ነበር፤ ሁለቱም ግን ቀርጸውታል። እንጀራ ነዋ! በ1960ዎቹ ማብቂያ ቡጋሉ ከመድረክ ወረደ። ከወጣቶቹ አንዳንዶቹ «ትልልቆቹና ፕሮሞተሮቹ ተመካክረው አስወጡን» ይላሉ። ሌሎች ፋሽኑ ስላለፈ ነው ባይ ናቸው። ለእኔ ሁለቱም ድርሻ አላቸው።

ሞተ ማለት ግን ስህተት ነው። የኮሎምቢያዋ የካሊ ከተማ ጨፋሪዎች አልለቀቁትም። እንዲያውም ዘገየብን ብለው በደቂቃ 33 ዙር የሚሽከረከረውን ሸክላ በ45 ያጫውቱት ነበር። የካሊ ዳንሰኞች እግር ዛሬም ለዓይን የሚያስቸግረው በከፊል ከዚያ የተነሳ ነው።

«ያስነሳችው ካርዲ ቢ ናት»

በ2018 በአሜሪካው የቢልቦርድ የዘፈን ሰንጠረዥ 1ኛ ደረጃ የያዘው የራፐሯ «አይ ላይክ ኢት» የተሠራው በፒት ሮድሪገስ የ1967 ቡጋሉ ላይ ነው። ግን እሷ ስትደርስ እሳቱ ተቆስቁሶ ነበር። ያንኑ ዘፈን በ1994 ብላክአውት ኦል ስታርስ እንደገና ሠርተውታል። ከተጫዋቾቹ አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ራሱ ቲቶ ፑዌንቴ! ኒውዮርክ ውስጥም ስፓንግሊሽ ፍላይ የተባለው ባንድ ከ2009 ጀምሮ አዲስ ቡጋሉ ይጫወታል።

«እኛን አይመለከትም»

«ባንግ ባንግ» በወጣበት በ1966፣ ሙላቱ አስታጥቄ እዚያው ኒውዮርክ ነበር። ከፖርቶ ሪኮ ልጆች ጋር «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉ ሁለት አልበሞች ቀርጿል። በሁለተኛው አልበም ላይ «ዘ ፓንተር» የሚል ሥራ አለ፤ ከርዕሱ አጠገብ በቅንፍ «ቡጋሉ» ተብሎ ተጽፎበታል።