ኖትስ ካውንቲ ሲወርድ፦ ስለ መውረድ በስህተት የምናወራቸው ነገሮች

ኖትስ ካውንቲን መጀመሪያ ያወቅኩት ቤቲንግ ቤት ውስጥ ነው። ጓደኛዬ ዘጠኝ ጨዋታ ቆርጦ ስምንቱ ገብተውለታል። የቀረችው አንዷ የካውንቲ ጨዋታ ነበረች። ካውንቲ ተሸነፈ። ልጁ ቲኬቱን ጨምድዶ ጣለና «ይሄ የቀበሌ ቡድን!» ብሎ ወጣ።

ያ «የቀበሌ ቡድን» ከአርሰናልም ከማንቸስተር ዩናይትድም በዕድሜ ይበልጣል። የተመሠረተው በ1862 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያኑ ያዙልኝ)። በ1888 የእንግሊዝ ሊግ ሲቋቋም ከ12ቱ መሥራቾች አንዱ ነበር። ከዚያ በኋላ በአራቱ ዲቪዚዮኖች መሃል ሲወጣና ሲወርድ ኖረ እንጂ፣ 131 ዓመት ሙሉ ከሊጉ ተባሮ አያውቅም። ሜይ 4 ቀን 2019 ግን ከአራተኛው ዲቪዚዮን ከሊግ ቱ ወርዶ፣ ከሊጉ ውጭ ወዳለው አምስተኛ እርከን፣ ናሽናል ሊግ ገባ።

ስለዚያ ዓመት ሲወራ የምሰማቸው ነገሮች አሉ። አብዛኞቹ ስለ መውረድ ባጠቃላይ የምንላቸው ናቸው። ካውንቲን ይዘን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ኖቲንግሃም ነው አይደል? ፎረስት ማለት ነው»

አይደለም። ፎረስት ሌላ፣ ካውንቲ ሌላ። ከተማቸው አንድ ነው። ስታዲየሞቻቸው ትሬንት ወንዝን ይዘው ፊት ለፊት የሚተያዩ ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር የደቂቃዎች መንገድ ነው። ፎረስት ሁለት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን የሆነው ነው። ካውንቲ የዛሬው የእኛ ሰው ነው።

«የጁቬንቱስን ማሊያ ኮርጀው ነው የለበሱት»

ይቺ በጣም ታስቀኛለች። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ጁቬንቱስ መጀመሪያ ሮዝ ማሊያ ነበር የሚለብሰው። በ1903 አዲስ ማሊያ ሲፈለግ ከኖቲንግሃም የመጣለት የካውንቲ ጥቁርና ነጭ ነበር። ጁቬዎች ውለታውን አልረሱም። በ2011 አዲሱን ስታዲየማቸውን ሲመርቁ በእንግድነት የጠሩት ሪያል ማድሪድን አልነበረም፤ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ላይ የነበረውን ካውንቲን ነው። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ።

እግረ መንገዴን፣ «የዓለም አንጋፋው ክለብ» የሚለውም ልክ አይደለም። ሼፊልድ ኤፍሲ በ1857 ተመሥርቷል። ካውንቲ አንጋፋ የሚባለው ከፕሮፌሽናሎቹ መካከል ነው።

«የወረደው በመጨረሻው ጨዋታ ነው»

የመጨረሻው ቀን ይህን ይመስል ነበር። ካውንቲ 41 ነጥብ ይዟል። ከሱ በላይ ያለው ማክልስፊልድ 43 አለው። ካውንቲ ስዊንደን ሜዳ ሄዶ ማሸነፍ አለበት። ያ ብቻ አይበቃም፤ ማክልስፊልድ በሜዳው በካምብሪጅ መሸነፍ አለበት። ማክልስፊልድ አቻ ከወጣ ነጥባቸው እኩል ይሆናል፤ በጎል ልዩነት ደግሞ ካውንቲ ወደ ኋላ ነው። እንግዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ ደጋፊዎች ስዊንደን ድረስ ሄደው፣ አንድ ዓይናቸው ሜዳ ላይ፣ አንድ ዓይናቸው ስልካቸው ላይ ነበር።

ካውንቲ 3 ለ 1 ተሸነፈ። ማክልስፊልድ 1 ለ 1 ወጣ። ስለዚህ ቢያሸንፉም ኖሮ ያው ነበር።

በማግስቱ «ስዊንደን አወረዳቸው» ተብሎ ተወራ። ስዊንደን ምን አደረገ? ካውንቲ በዚያ ዓመት ከ46 ጨዋታ ያሸነፈው 9 ብቻ ነው። 23 ጊዜ ተሸንፏል። 84 ጎል ገብቶበታል። ወደ እያንዳንዱ ጨዋታ ሲገባ ሁለት ጎል እንደሚቆጠርበት እያወቀ የሚገባ ቡድን በሉት። ከነዚያ 23 ሽንፈቶች ሁለቱ ድል ቢሆኑ ኖሮ ማክልስፊልድ ምን አደረገ ብሎ ስልክ መነካካት አይኖርም ነበር። የወረዱት በኦገስት ነው፣ በኦክቶበር ነው፣ በፌብሩዋሪ ነው። ሜይ ላይ የሆነው ሰርተፊኬቱን መቀበል ነው።

«አሰልጣኝ ቢቀይሩ ይተርፉ ነበር»

ቀየሩ እኮ! ለዚያውም ሁለት ጊዜ።

የዌስትሃሙ የቀድሞ አማካይ ኬቨን ኖላን በቀደመው ዓመት ቡድኑን አምስተኛ አድርጎ ለፕሌይ ኦፍ (ለቀረችው የማደጊያ ቦታ ለሚደረገው ፍልሚያ) አድርሶት ነበር። አዲሱ ሊግ ከተጀመረ ወር ሳይሞላ ተባረረ። በቦታው የሊቨርፑሉ ሃሪ ኪዌል መጣ። ኪዌልን ታስታውሱታላችሁ፣ ያ ግራ እግሩ። እሱም ሁለት ወር ተኩል ያህል ቆይቶ ተሸኘ። ከዚያ ኒል አርድሊ ተረከበ። አርድሊ እስከ መጨረሻው ቆየ፤ ቡድኑንም ይዞ ወረደ።

አሰልጣኝ መቀየር አንዳንዴ ይሠራል። ግን እያንዳንዱ አሰልጣኝ የራሱን ሰው ይፈልጋል፣ የራሱን አጨዋወት ያመጣል። በአንድ ዓመት ሦስት አሰልጣኝ ያየ ተከላካይ ማንን ይስማ? በሦስተኛው ጊዜ ካውንቲ ልብሱን ሦስት ሰፊ የለካው ሰው ይመስል ነበር፤ አንዱ ሲያጠብ ሌላው ሲያሰፋ።

«ብር የሌለው ነው የሚወርድ»

ይህኛው ግማሽ እውነት ስላለው ነው አስቸጋሪ። በ2018 ክረምት ካውንቲ የድሃ ቡድን አልነበረም። ተጫዋች ገዝቷል። አቋማሪዎቹም ወደ ሦስተኛው ዲቪዚዮን ወደ ሊግ ዋን ይወጣሉ ብለው ተስፋ ከጣሉባቸው አንዱ ነበር። ብሩ የጠፋው ከመሃል ነው። ጃንዋሪ 2019 ላይ ባለቤቱ ክለቡን ለሽያጭ አወጣ። ከዚያ የግብር መሥሪያ ቤቱ ዕዳዬን ክፈሉ፣ ካልሆነ ይፍረስልኝ ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። ተጫዋቹ ላለመውረድ ይጫወታል፤ የሚቀጥለው ወር ደመወዙን ማን እንደሚከፍለው አያውቅም። እንዲህ ሆኖ ኳስ እንዴት ይጫወቷል?

ደግሞ ካውንቲ «ብር አለኝ» የሚል ሰው ምን እንደሚያደርግ ቀድሞም አይቷል። በ2009 ሙንቶ ፋይናንስ የሚባል ድርጅት ክለቡን ያዘ። ከጀርባው የመካከለኛው ምሥራቅ ሀብታሞች አሉ ተባለ። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ የነበረው ስቬን ጎራን ኤሪክሰን ዳይሬክተር ሆኖ መጣ። ሶል ካምቤል፣ የአርሰናሉ፣ ያ የማይሸነፈው ቡድን ተከላካይ፣ አራተኛ ዲቪዚዮን ላለ ክለብ የአምስት ዓመት ውል ፈረመ። አንድ ጨዋታ ተጫወተ። በሞርካም 2 ለ 1 ተሸነፉ። ካምቤል ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። የተባለው ብር የውሃ ሽታ ሆነ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ክለቡ በ1 ፓውንድ እጅ ተቀየረ። አዎ፣ አንድ ፓውንድ።

የካምቤልን ስም ያዙልኝ፣ አሁን እመለስበታለሁ።

«የወረደ ሞተ፣ የተረፈ ዳነ»

ከሁሉም በላይ ይህን ነው ማስተካከል የምፈልገው። ያንኑ የ2018/19 ሊግ ቱ ሰንጠረዥ እንውሰድ። ሦስት ክለቦችን ብቻ እንይ፤ አንዱ የወጣ፣ አንዱ የተረፈ፣ አንዱ የወረደ።

የወጣው ቤሪ ነው። ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። ደጋፊው ጨፈረ። ከአራት ወር በኋላ፣ ኦገስት 27 ቀን 2019፣ ባለቤቱ ዕዳውን የሚከፍልበት ገንዘብ እንዳለው ማሳየት ስላልቻለ ሊጉ አባረረው። ወደ ሊግ ዋን አድጎ አንድም የሊግ ጨዋታ ሳይጫወት ማለት ነው። ቤሪ ኤፍኤ ካፕን ሁለት ጊዜ ያነሳ፣ ሊጉ ውስጥ 125 ዓመት የኖረ ክለብ ነበር።

የተረፈው ማክልስፊልድ ነው። ያን ዓመት ማን እንዳተረፈው ታውቃላችሁ? ሶል ካምቤል። ለካውንቲ አንድ ጨዋታ ብቻ የተጫወተው ሰው ከዓመታት በኋላ አሰልጣኝ ሆኖ የሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ያገኘውን ማክልስፊልድ አዳነ፤ በሱ ምትክ የሰመጠው ካውንቲ ሆነ። ኳስ እንዲህ ያለ ቀልድ ታውቅበታለች። የማክልስፊልድ ደስታ ግን አልዘለቀም። በሚቀጥለው ዓመት ደመወዝ በወቅቱ ባለመክፈሉ ነጥብ በነጥብ ላይ ተቀነሰበትና ወረደ። ሴፕቴምበር 2020 ላይ ፍርድ ቤት ክለቡ እንዲፈርስ ወሰነ። በቦታው አዲስ ክለብ ተመሥርቶ ከዘጠነኛው እርከን ጀመረ።

የወረደው ካውንቲስ? በወረደ ሦስት ወር ሳይሞላው፣ ጁላይ 2019፣ ሁለት ዴንማርካዊ ወንድማማቾች ክሪስቶፈር እና አሌክሳንደር ሪድትዝ ገዙት። ዕዳው ተከፈለ። እንዲያውም የሚገርመው፣ ደጋፊው አልሸሸም። በ2022 መጨረሻ አካባቢ በካውንቲ ሜዳ በሜዶው ሌን ለአንድ የአምስተኛ ዲቪዚዮን ጨዋታ ከ16 ሺህ በላይ ሰው ገባ። ያኔ የሊጉ መደበኛ ጨዋታዎች ሪከርድ ነበር። እኛ አገር «ከፕሪሚየር ሊግ በታች ማን ያያል?» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ይቺን ቁጥር እነግረዋለሁ።

«ሦስት ይወርዳል፣ ሦስት ይወጣል፤ በዓመቱ ይመለሳሉ»

ፕሪሚየር ሊግን እያየን ስላደግን ሁሉም ቦታ እንደዚያ ይመስለናል። ከሊግ ዋን አራት ይወርዳሉ። ከሊግ ቱ ሁለት። ካውንቲ በነበረበት ዘመን ከናሽናል ሊግ ወደ ላይ የሚያልፉትም ሁለት ናቸው፦ አንዱ በቀጥታ፣ ሌላው ከሁለተኛ እስከ ሰባተኛ የወጡት ስድስት ቡድኖች በፕሌይ ኦፍ ተፋልመው። 24 ቡድን፣ ሁለት በር። ከፕሪሚየር ሊግ የሚወርድ ክለብ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ድጎማ ይዞ ይወርዳል፤ እዚህ ታች ያለው ድጎማ ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ከዚያ በፊትማ ይብስ ነበር። እስከ 1987 ድረስ ጭራሽ ከሊጉ በቀጥታ መውረድና ወደ ሊጉ በቀጥታ መውጣት አልነበረም፤ የመጨረሻዎቹ ክለቦች ይቆዩ ወይስ ይባረሩ የሚለው በክለቦች ድምፅ ነበር የሚወሰነው።

ካውንቲ በዚያ ጠባብ በር ስንት ጊዜ እንደተጋጨ ተመልከቱ። በ2020 ለፍጻሜ ደርሶ፣ በኮሮና ምክንያት ባዶ በሆነው ዌምብሌይ በሃሮጌት 3 ለ 1 ተሸነፈ። በ2021 ግማሽ ፍጻሜ ላይ በቶርኪ። በ2022 በሜዳው በግሪምዝቢ፣ በጭማሪ ሰዓት።

በ2022/23 ግን ቡድኑ አበደ። ማካውሌይ ላንግስታፍ የሚባል አጥቂ ብቻውን 42 የሊግ ጎል አገባ። ካውንቲ ከ46 ጨዋታ የተሸነፈው 3 ብቻ። 117 ጎል አገባ። 107 ነጥብ ሰበሰበ። ከዚያ ዓመት በፊት በዚያ ሊግ ታሪክ 107 የደረሰ ቡድን አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረ በማንኛውም ዓመት ቢሆን ዋንጫው የሱ ነበር። በዚያ ዓመት ግን የሆሊውዶቹ የእነ ራያን ሬይኖልድስ ሬክሰም 111 አመጣ።

ኤፕሪል 10 ሁለቱ በእኩል 100 ነጥብ ሬክሰም ሜዳ ተገናኙ። ሬክሰም 3 ለ 2 እየመራ፣ ጭማሪ ደቂቃው ሊያልቅ ሲል ለካውንቲ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። መቺው ሴድዊን ስኮት። በረኛው ጫማውን ሰቅሎ የነበረው፣ ከዚያ የተመለሰው የ40 ዓመቱ ቤን ፎስተር። ስኮት መታ። ፎስተር አዳነ። 107 ነጥብ ይዞ ፕሌይ ኦፍ መግባት ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ፍጻሜው ሜይ 13 ዌምብሌይ ላይ፣ ከቼስተርፊልድ ጋር፣ ከ38 ሺህ በላይ ሰው ፊት ነበር። ካውንቲ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ተቆጠረበት። 87ኛው ደቂቃ ላይ ጆን ቦስቶክ በቅጣት ምት አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት እንደገና ተመሩ፤ እንደገና አቻ አደረጉ። ለመለያ ምቱ ሲባል ብቻ በረኛ ቀየሩ። አርቺ ሜር ቀዝቃዛ ሰውነቱን ይዞ ገብቶ አዳነ። የመጨረሻዋን ምት ሊመታ የመጣው ደግሞ ያው ሴድዊን ስኮት ነው። አገባት። ካውንቲ 4 ለ 3 አሸንፎ ከአራት ዓመት በኋላ ወደ ሊጉ ተመለሰ።

ጓደኛዬ ያን ቀን ካውንቲን አምኖ ይዞት ነበር። ደውዬ እንኳን ደስ አለህ አልኩት። ዝም አለ። ቲኬት የሚቆጠረው በ90 ደቂቃ ነው፤ 90 ደቂቃው ደግሞ 1 ለ 1 አልቋል።