የዋይፋይ የይለፍ ቃል በሊኑክስ ዴስክቶፕ፦ አቀማመጡና አያያዙ በጎጃም የሥራ ቦታዎች

ሊኑክስ በተባለው (እንደ ዊንዶውስ ያለ) ሥርዓተ ክወና የሚሠራ ዴስክቶፕ የገመድ አልባ ኔትወርክን የይለፍ ቃል አንድ ጊዜ ተቀብሎ ከዚያ በኋላ ሳይጠይቅ እንዲገናኝ ከአንድ በላይ የሆኑ ፕሮግራሞች ተቀናጅተው መሥራት አለባቸው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ተጠቃሚው የሚያየው ምልክት ግን ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር የይለፍ ቃል የምትጠይቅ ትንሽ መስኮት ብቅ ትላለች። በጎጃም ጉዳዩን ከግል መሰላቸት ያለፈ የሚያደርገው የዴስክቶፑ አጠቃቀም ነው። ከደብረ ማርቆስ እስከ ዳንግላና ባሕር ዳር ባሉ ቢሮዎች፣ የጽሕፈትና የኮፒ ቤቶች፣ እንዲሁም ትምህርት ቤቶች አንዱን ማሽን ብዙ ሰው ይፈራረቅበታል፤ መብራት ሲሄድ ይጠፋል፣ ሲመጣ እንደገና ይከፈታል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሠራተኛ በዚያን ሰዓት ለመስክ ሥራ ወጥቶ ከሆነ ባለጉዳይ ተሰልፎ መጠበቁ ነው።

አብዛኞቹ የሊኑክስ ዴስክቶፖች፣ ኡቡንቱ፣ ሚንት፣ ፌዶራና ዴቢያን ጭምር፣ ይህን ሥራ የሰጡት ሬድ ሃት እ.ኤ.አ. በ2004 ለጀመረው ኔትወርክ ማኔጀር ለተባለው ፕሮግራም ነው። ከራውተሩ ጋር ቁልፍ የሚለዋወጠው ሌላ ፕሮግራም ሲሆን፣ ኔትወርክ ማኔጀር ደግሞ ለእያንዳንዱ ኔትወርክ አንድ መዝገብ ይከፍታል፤ በመዝገቡም የኔትወርኩን ስም፣ የጥበቃውን ዓይነት፣ በራሱ ይገናኝ ወይስ አይገናኝ የሚለውን ይጽፋል። የይለፍ ቃሉ ግን የግድ በዚያው መዝገብ ውስጥ አይቀመጥም። ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው፣ ከሞላ ጎደል ችግሩን ሁሉ የሚያብራራውም ነገር ይኸው ነው፤ የይለፍ ቃሉ የማሽኑ ንብረት ሊሆን ይችላል፣ ወይም የአንድ ተጠቃሚ ንብረት ሊሆን ይችላል።

የማሽኑ ሲሆን፣ ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ በኔትወርክ ማኔጀር ሥር ሲስተም-ኮኔክሽንስ በተሰኘው ንዑስ ፎልደር፣ የሩት (የማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ) ሥልጣን ያለው ብቻ በሚያነበው ፋይል ላይ ሳይመሰጠር በግልጽ ጽሑፍ ይቀመጣል። ከኡቡንቱ 23.10 ወዲህ ደግሞ ኡቡንቱ መዝገቡን የሚያኖረው ኔትፕላን በተባለው ሌላ የኔትወርክ ማስተካከያ ፕሮግራም ፎልደር ውስጥ ነው። እንዲህ የተቀመጠ የይለፍ ቃል ማንም ተጠቃሚ ከመግባቱ በፊት ይሠራል፤ ኮምፒውተሩ የመግቢያ ገጹን ባሳየበት ቅጽበት ኔትወርኩ ሊገናኝ ይችላል፤ ፕሪንተር የሚያጋራ ወይም ከሌላ ክፍል የሚታዘዝ ማሽን የሚያስፈልገውም ይህ ነው።

የተጠቃሚው ሲሆን፣ ግኖም በተባለው የዴስክቶፕ ገጽታ ኪይሪንግ፣ ኬዲኢ በተባለው ደግሞ ኬዋሌት በሚባል የተመሰጠረ ማኅደር ውስጥ ይገባል። ማኅደሩ የሚከፈተው ተጠቃሚው ወደ ኮምፒውተሩ ሲገባ በሚጽፈው የይለፍ ቃል ነው፤ የማኅደሩና የመግቢያው የይለፍ ቃሎች አንድ ዓይነት ከሆኑ መክፈቱ በስተጀርባ ይከናወናልና ተጠቃሚው ምንም አያይም። ኬዋሌት በዚህ መልክ በራሱ እንዲከፈት ግን የብሎውፊሽ ምስጠራ መመረጥ አለበት፤ ሌላውን የምስጠራ ዓይነት፣ ጂፒጂን፣ የመረጠ ሰው በየጊዜው ይጠየቃል።

መስኮቷ ደጋግማ የምትመጣበት በጣም የተለመደው ምክንያት ከዚህ ይነሳል። ባለቤቱ ነገሩን ለማቅለል ብሎ ኮምፒውተሩ ያለ የይለፍ ቃል በቀጥታ እንዲገባ ሲያደርግ፣ ማኅደሩን የሚከፍተው ቃል በየትም በኩል አልተጻፈምና ማኅደሩ እንደተቆለፈ ይቀራል። ስለዚህ የምትጠይቀው መስኮት አንዳንዴ ጭራሽ የዋይፋዩን ሳይሆን የማኅደሩን የይለፍ ቃል ነው የምትፈልገው፤ በመስኮቷ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳያነብ የራውተሩን ቁጥር ደጋግሞ የሚጽፍ ሰው ቢበሳጭ አይገርምም። ሁለተኛው ምክንያት የተረሳ መግቢያ ነው። ባለሙያ ተጠርቶ በሩት ሥልጣን አዲስ የመግቢያ ቃል ሲሰጥ፣ ማኅደሩ በአሮጌው ቃል እንደተመሰጠረ ይቆያል። ተጠቃሚው አሮጌውን አውቆ ራሱ ቢቀይረው ኖሮ ማኅደሩም አብሮ ይቀየር ነበር። አሮጌው ቃል ፈጽሞ ከጠፋ፣ ማኅደሩን አጥፍቶ አዲስ ከመክፈት በቀር መንገድ የለም፤ በውስጡ የነበሩት ሌሎች ምሥጢሮችም አብረው ይጠፋሉ።

በጋራ ለሚሠራበት የቢሮ ዴስክቶፕ ትክክለኛው ምርጫ፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ የይለፍ ቃሉን የማሽኑ ማድረግ ነው። በኔትወርክ ማስተካከያው ገጽ በይለፍ ቃሉ ሳጥን ጠርዝ ያለችው ትንሽ ምልክት ስትጫን «ለሁሉም ተጠቃሚዎች»፣ «ለዚህ ተጠቃሚ ብቻ» እና «ሁልጊዜ ጠይቅ» የሚል ትርጉም ያላቸው አማራጮች ይመጣሉ፤ በፋይሉ ላይ እነዚህ እንደ ቅደም ተከተላቸው በ0፣ በ1 እና በ2 ይመዘገባሉ። ኔትወርኩን ለሁሉም ተጠቃሚዎች ክፍት የሚያደርገው ምልክት ግን ለብቻው ያለ ነገር ስለሆነ ሁለቱንም ማየት ያስፈልጋል። አንዱ ብቻ ተስተካክሎ ሌላው ሲቀር፣ ኔትወርኩ ለሁሉም ተፈቅዶ ሳለ ቁልፉ በአንዱ ሰው ማኅደር ውስጥ ተቆልፎ ይገኛል። የኪይሪንጉን ቃል ባዶ አድርጎ መተው ሌላው በሰፊው የሚመከር መፍትሔ ነው፤ ይህ ግን የዋይፋዩን ብቻ ሳይሆን በማኅደሩ ያለውን ሁሉ ያለ ምስጠራ ስለሚያስቀር ለአንድ የራውተር ቃል ሲባል የሚከፈል ከልክ ያለፈ ዋጋ ነው። የማሽኑ በተደረገው አቀማመጥም ቢሆን፣ ዲስኩ ካልተመሰጠረ ኮምፒውተሩን በፍላሽ አስነሥቶ ፋይሉን ማንበብ ይቻላል፤ የራውተሩ ቃል ለሌላ ጉዳይ እንዳይደገም የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

መስኮቷ መጣች ማለት ሁልጊዜ ማሽኑ ረስቷል ማለት አይደለም። ኔትወርክ ማኔጀር ከራውተሩ ጋር የሚደረገው የቁልፍ ልውውጥ በደካማ ሲግናል ምክንያት ሲቋረጥ፣ ቃሉ የተሳሳተ መስሎት እንደገና ይጠይቃል። ራውተሩ ከወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ማዶ ባለ ክፍል ከተቀመጠ፣ የተቀመጠው ቃል ትክክል ሆኖ ሳለ መጠየቁ አይቀርም፤ መድኃኒቱም ራውተሩን ማቀራረብ ነው። አሮጌ ዴስክቶፖች ዋይፋይ አብሮ ስለማይገጠምላቸው በዩኤስቢ በሚሰካ መቀበያ መገናኘታቸው የተለመደ ነው፤ መዝገቡ በአንድ መቀበያ የማክ አድራሻ (የመሣሪያው ልዩ መለያ ቁጥር) ላይ ብቻ እንዲሠራ ታስሮ ከሆነ፣ መቀበያው ተበላሽቶ ሌላ ሲተካ መዝገቡ ዋጋ ያጣል። ስለዚህ የመሣሪያውን ቦታ ባዶ መተው ይሻላል። ሊኑክስን ሳይጭን ከፍላሽ በቀጥታ የሚጠቀም ሰው ደግሞ፣ ፍላሹ መረጃ እንዲያስቀር ተደርጎ ካልተዘጋጀ፣ ኮምፒውተሩ በተዘጋ ቁጥር ሁሉም ነገር ይጠፋበታል። በሆቴሎች እንደሚታየው ከተገናኙ በኋላ በብራውዘር ላይ የሚመጣ የመግቢያ ገጽም ከኔትወርክ ማኔጀር መዝገብም ከማኅደሩም ውጭ ያለ ጉዳይ ነው።

አማርኛ የሚጽፍ ተጠቃሚ የሚያጋጥመው ልዩ ነገርም አለ። የተለመደው የዋይፋይ የይለፍ ቃል ከ8 እስከ 63 የላቲን ፊደላት፣ ቁጥሮችና ምልክቶች እንዲሆን መስፈርቱ ስለሚያስገድድ፣ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ቃል አይሠራም። ኪቦርዱ ወደ አማርኛ እንደተቀየረ ቃሉን የሚጽፍ ሰው በነጠብጣብ ስለሚሸፈንበት ስሕተቱን አያየውም፤ ቃሉን የሚያሳየውን የዓይን ምልክት መጫን ከብዙ ሙከራ ያድናል። የኔትወርኩ ስም ግን በግዕዝ ፊደል ሊሆን ይችላል። የስሙ ወሰን 32 ባይት (የመረጃ መጠን መለኪያ) ሲሆን እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ «ደብረ ማርቆስ» 22 ባይት ስለሆነ ይበቃል፣ «ፍኖተ ሰላም ጤና ጣቢያ» ግን 36 ስለሚደርስ አይገባም። ስሙ ከቁልፉ ጋር የተሳሰረ መሆኑም መታወስ አለበት፤ ዳብልዩፒኤ2 በተባለው የዋይፋይ ጥበቃ ዓይነት ቁልፉ የሚሰላው የይለፍ ቃሉንና የኔትወርኩን ስም አንድ ላይ 4096 ጊዜ ደጋግሞ በማቀላቀል ነው። የራውተሩ ስም ሲቀየር የይለፍ ቃሉ ሳይቀየር እንኳ ተሰልቶ የተቀመጠ ቁልፍ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ የዩኒቨርሲቲ ከተሞች እንደመሆናቸው፣ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስምና የይለፍ ቃል የሚገባበት ዓይነት ኔትወርክም ሊያጋጥም ይችላል። በዚህ ጊዜ ቃሉ የሰውየው የግል መለያ ስለሆነ የማሽኑ ማድረግ አይገባም፤ በተመሰጠረው ማኅደር መቀመጥ አለበት። እንዲህ ያለ ኔትወርክ የሰርቲፊኬት (የኔትወርኩን እውነተኛነት የሚያሳይ ዲጂታል ሰነድ) ማረጋገጫ የሚጠይቅ ከሆነ የኮምፒውተሩ ሰዓት ትክክል መሆን አለበት። የማዘርቦርዱ ባትሪ ያለቀበት ዴስክቶፕ መብራት ከጠፋ በኋላ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሊመለስበት ስለሚችል፣ ሰርቲፊኬቱ ገና ያልጸደቀ መስሎ ይታየዋል፤ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ለማስተካከል ደግሞ መጀመሪያ መገናኘት አለበት። ቀኑን በእጅ አስተካክሎ ባትሪውን መቀየር ነው የሚያዋጣው።

ማሽኑ እንደ አዲስ ሊጫን ሲታሰብ የመዝገቦቹን ፎልደር በፍላሽ ገልብጦ ማቆየት ይቻላል። ሲመለሱ ግን ፋይሎቹ የሩት ንብረት መሆንና ለሌላ ለማንም እንዳይነበቡ መዘጋት አለባቸው፤ ኔትወርክ ማኔጀር ለሌሎች ክፍት ሆነው ያገኛቸውን መዝገቦች አይቀበልም፣ ስማቸውንም በዝርዝሩ ላይ አያሳይም።