ከባድ ሱዶኩ የሚፈታባቸው ስልቶች

ሱዶኩ 81 ቤቶች ያሉት የቁጥር እንቆቅልሽ ነው። ቤቶቹ በ9 ረድፍ፣ በ9 ዓምድና ዘጠኝ ዘጠኝ ቤት በሚይዙ 9 ሳጥኖች የተደራጁ ሲሆን፣ ከ1 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች በየትኛውም ረድፍ፣ ዓምድም ሆነ ሳጥን ውስጥ ሳይደጋገሙ መግባት አለባቸው። ቀላሉን በዓይን ብቻ መጨረስ ይቻላል። ከባዱ ግን እርሳስና ላጲስ ይጠይቃል፤ በየባዶው ቤት ሊገቡ የሚችሉትን ቁጥሮች በትንንሹ ጽፎ፣ የማይሆኑትን በምክንያት እየሰረዙ መሄድ ነው። በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ቁጥሮች «እጩ» እንላቸዋለን። ረድፍ፣ ዓምድ ወይም ሳጥን የሚጋሩ ሁለት ቤቶችን ደግሞ «የሚተያዩ» እንላለን።

ሱዶኩ ስሙ እንጂ ልደቱ የጃፓን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 «ነምበር ፕሌስ» ተብሎ በአሜሪካው የዴል እንቆቅልሽ መጽሔት ወጣ። የፈጣሪው ስም ከእንቆቅልሹ ጋር አልታተመም። የእንቆቅልሽ አዋቂው ዊል ሾርትዝ ግን የድሮ ቅጾችን አገላብጦ፣ ነምበር ፕሌስ በወጣባቸው እትሞች የአዘጋጆች ዝርዝር ውስጥ የሃዋርድ ጋርንስ ስም እንደሚገኝ፣ በሌሎቹ ግን እንደሌለ አስተዋለ። ጋርንስ በኢንዲያና የሚኖር ጡረታ የወጣ አርክቴክት ነበር። ማስረጃው ተዘዋዋሪ ቢሆንም አሳማኝ ነው። በ1984 የጃፓኑ የእንቆቅልሽ አሳታሚ ኒኮሊ ጨዋታውን ተቀበለ፤ የኩባንያው መሥራች ማኪ ካጂም ረጅሙን የጃፓንኛ ስያሜ አሳጥሮ ሱዶኩ አለው። ከሆንግ ኮንግ ዳኝነቱ በጡረታ የተሰናበተው ኒውዚላንዳዊ ዌይን ጉልድ እንቆቅልሽ የሚያመነጭ ፕሮግራም ለመጻፍ ስድስት ዓመት ገደማ ደከመ። የለንደኑ ታይምስ ኅዳር 2004 ላይ ማተም ሲጀምር ጨዋታው ዓለምን አዳረሰ። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ2006 በጣሊያን ሉካ ተካሄደ።

ከመነሻዎቹ ስልቶች አንዱ ግልጥ ጥንድ ነው። በአንድ ሳጥን ያሉ ሁለት ቤቶች 2ን እና 6ን ብቻ ከያዙ፣ የትኛው የት እንደሚገባ ባይታወቅም 2ና 6 ከሳጥኑ ሌሎች ቤቶች ይሰረዛሉ። የተገላቢጦሹ ድብቅ ጥንድ ይባላል፦ ሁለት ቁጥሮች በአንድ ሳጥን ውስጥ በሁለት ቤቶች ብቻ መግባት ከቻሉ፣ በእነዚያ ቤቶች የተጻፉት ሌሎች እጩዎች ይወጣሉ። ጀማሪን አብዛኛውን ጊዜ የሚያመልጠው ድብቁ ነው፤ በእጩ ብዛት ተሸፍኖ ይቀመጣልና።

ከዚያ በላይ ያለው በር ኤክስ ዊንግ ነው። ቁጥር 7 በ2ኛው ረድፍ በ3ኛና በ8ኛ ዓምድ ላይ ብቻ መግባት ቻለ እንበል፤ በ6ኛውም ረድፍ እንደዚሁ። የ2ኛው ረድፍ 7 በ3ኛው ዓምድ ከገባ የ6ኛው በ8ኛው ይገባል፤ ወይም ተቃራኒው ይሆናል። በሁለቱም መንገድ የሁለቱ ዓምዶች 7 ከእነዚህ አራት ቤቶች አይወጣም፤ ስለዚህ ከዓምዶቹ ሌሎች ቤቶች 7 ይሰረዛል። ይኸው አስተሳሰብ በሦስት ረድፍና ዓምድ ሲሠራ ሶርድፊሽ፣ በአራት ሲሠራ ጄሊፊሽ ይባላል።

ኤክስዋይ ዊንግ የሚሠራው ሁለት ሁለት እጩ ባላቸው ሦስት ቤቶች ነው። «ምሶሶ» የሚባለው ቤት 1ና 2 ይዟል። የሚያያቸው ሁለት ቤቶች፣ ማለትም «ክንፎቹ»፣ ደግሞ አንዱ 1ና 3፣ ሌላው 2ና 3 አላቸው። ምሶሶው 1 ቢሆን የመጀመሪያው፣ 2 ቢሆን ሁለተኛው 3 ይሆናል። እንግዲህ ሁለቱን ክንፎች በአንድነት የሚያይ ማንኛውም ቤት 3 ሊሆን አይችልም። በአራት መስመር የሚያልቅ እንዲህ ያለ ምክንያት ማግኘት እጅግ ያስደስታል።

አከራካሪው በአንድ መልስ ላይ የቆመው ስልት ነው። በሁለት ረድፍ፣ በሁለት ዓምድና በሁለት ሳጥን የተዘረጉ አራት ቤቶች አሉ እንበል። ሦስቱ 4ና 9 ብቻ፣ አራተኛው 4፣ 9ና 6 ይዘዋል። አራተኛው 6 ካልሆነ 4ና 9 ቦታ ተለዋውጠው ሁለት መልስ ይወጣል፤ ስለዚህ 6 ነው። አንዳንዶች ይህ መረጋገጥ ያለበትን አስቀድሞ መቀበል ነው ይላሉ። ይሁን እንጂ በሥርዓት የተዘጋጀ ሱዶኩ መልሱ አንድ ብቻ ስለሆነ ስልቱ ትክክለኛ ነው። ረጃጅም ሰንሰለቶች፣ ማለትም «ይህ ቢሆን ያ ይሆናል» እያሉ ከቤት ወደ ቤት የሚሄዱ ምክንያቶች፣ ግምት ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለው ክርክር ግን ገና የቀጠለ ይመስላል።

በቅርብ ዓመታት ፈቺዎችን በጣም ያስደነቀው የፊስቶመፌል ቀለበት ነው፤ ስያሜው ፊስቶመፌል በሚል የብዕር ስም ከሚታወቅ ጀርመናዊ የእንቆቅልሽ አዘጋጅ የመጣ ነው። መካከለኛውን ሳጥን የሚከቡት 16 ቤቶች፣ በአራቱ ማዕዘኖች ካሉት አራት አራት ቤቶች ጋር አንድ ዓይነት ቁጥሮች ይይዛሉ። ማረጋገጫው አጭር ነው። 1ኛ፣ 2ኛ፣ 8ኛና 9ኛ ዓምዶችን በአንድ ወገን አስቀምጡ። በሌላው ወገን 3ኛና 7ኛ ረድፎችን ከመካከለኛው ግራና ቀኝ ሳጥኖች ጋር አድርጉ። በሁለቱም ወገን እያንዳንዱ ቁጥር አራት ጊዜ አለ። የሚጋሯቸውን 20 ቤቶች ስታነሱ በአንዱ ማዕዘኖቹ፣ በሌላው ቀለበቱ ይቀራሉ።

በ2012 በደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጋሪ መክጋየር የመራው ቡድን፣ 16 መነሻ ቁጥሮች ብቻ ያሉት ባለ አንድ መልስ ሱዶኩ እንደሌለ በኮምፒውተር አረጋገጠ፤ ዝቅተኛው 17 ነው። የመነሻ ቁጥር ማነስ ግን ክብደትን አይወስንም። ፊንላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ አርቶ ኢንካላ በክብደታቸው የታወቁትን እንቆቅልሾቹን ያዘጋጀው ከ20 በላይ መነሻ ቁጥሮች ሰጥቶ ነው። ኮምፒውተር እነዚህንም በሰከንድ ቅንጣት ውስጥ ይጨርሳል። ክብደት ለመለካት የተጻፉት ፕሮግራሞች ግን በዚያ ፍጥነት አይለኩም፤ ሰው የሚጠቀምባቸውን ስልቶች ከቀላሉ ጀምረው ይሞክሩና፣ በመጨረሻ ባስፈለገው በጣም አስቸጋሪ ስልት ነጥብ ይሰጣሉ።